ስምንተኛው ምልክት

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፤ ሐምሌ ሃያ አራት፤
ቆርቆሮው ይንጣጣል ሽንብራ እንደሚቆሉበት።
መብራት የለም። በሻማ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ፣
ካርታዬን ዘርግቼ፣ ሻዬ በርዶ እንደ ዋዛ፣
አሥራ ሁለቱን ቀይ ክብ በመስመር ስቀጣጥል
ስልኬ ጮኸ፤ ትርሲት ናት፤ ያንቀጠቅጣታል መሰል።

«ጋሼ፣ እናራዝመው ይሆን? ወንዙ እኮ ያገሳል፤
ስድሳ ሁለት ልጅ ነው፤ አንዱ ቢንሸራተት ማን ይመልሳል?»
«ወንዝ የሚያሻግረውን ምልክት እሰርዛለሁ፤
አራተኛውን ከድልድዩ ወዲህ አደርገዋለሁ።
ማራዘም ግን የለም» አልኳት፤ «ሰማይ ቢቆጣም
ጤፍ የሚዘራ ሰው ጭቃ አይጠየፍም።»
ኩራት ነበር ያናገረኝ እንጂ፣ ጥበብ እንኳ አልነበረም።

ለፈቃዱ ብዬ ሦስት ሳምንት ተመላልሼ፣
በወረዳው ደጅ ላይ አንድ ጫማ ጨርሼ፣
ሹሙ ካርታዬን ገልብጦ እያየ ጠየቀኝ፦
«ምን ጠፍቶባችሁ ነው የምትፈልጉት? እስቲ ንገረኝ።»
«ምንም አልጠፋብን፤ መንገድ ፍለጋ ነው።»
«መንገድማ» አለ በመስኮቱ እየጠቆመ፣ «አስፋልቱ ይኸው!»
እየሳቀ ግን ማኅተሙን መታልኝ፤
ዝናቡን የሚያግድ ደብዳቤ ብቻ ጎደለኝ።

ሰሜንን በስሙ የሚጠራ በዚህ ከተማ ማን አለ?
«ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች»፣ «ከዳቦ ቤቱ ጎን» እየተባለ
ነው ያደግነው። እኔ መርፌዋን ያወቅኋት በሠላሳ ዓመቴ ነው፣
ካርታ ሥራ ስቀጠር፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ይልቅ እሷን ነው የማምነው።

ሲነጋ ሰባ ደረጃን ወረድኩ ጆንያዬን አዝዬ፤
ጎርፉ ሳይቆጥር ቀደመኝ፣ እኔ ግን አንድ ሁለት ብዬ።
አንዱን በአጥር ብረት፣ አንዱን በስልክ እንጨት አሰርኩ፤
ሦስተኛው ላይ ገመድ አለቀ፣ የጫማዬን ክር በጠስኩ።
ሰባተኛውን ሰቅዬ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሳቀና
ጉም ወረደ። ቤት የለም፤ ቅያስ የለም፤ የለም ጎዳና።

በጥር የለካሁት ልብስ ሰፊ ቤት፣ ጥጉ የተላጠው፣
ስምንተኛውን የምሰቅልበት፣ የት ገባ? ማን ዋጠው?
ቆርቆሮ አጥር፣ ቀይ አፈር፣ የቆመ እስካቫተር፤
መርፌዋ ሰሜንን ትጠቁማለች፤ ሰሜን እዚያው ነበር።
እኔ ነኝ የጠፋሁት፤
የውድድሩ አዘጋጅ፣ ካርታ ሠሪው፣ ባለ ማኅተሙ፣
ጭቃ ውስጥ ተገትሬ፤ ማንን ልጣራ በስሙ?

የማዳበሪያ ከረጢት የደፋ ዘበኛ ከጉሙ ወጣ።
«ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ያው ጥያቄ መጣ።
«ልብስ ሰፊ ቤት ነበር...» «የስንሻው? እላዩ ላይ ቆመሃል፤
ግራ እግርህ ሲንጀሩ ጋ ነው፤ ቀኝህ ደጃፉን ወጥቷል።»
«እንዴት አወቅህ?» ዝም አለ። ዝናቡ ከረጢቱን ሲደበድበው፣
«ያ» አለ፣ «ውኃ የቋጠረው ጉድጓድ፣ የኔ ጓዳ ነው።»
ነበር አላለም።

ዱባለ ይባላል። የምሰቅልበት ግንብ ስለሌለ
ነጭና ብርቱካን ጨርቁን በአንገቱ አንጠለጠለ።
«ልጆቹ ሲመጡ ምን ልበል?»
«ምንም። መቆም ብቻ።»

በሦስት ሰዓት ፊሽካ ነፋሁ። ግማሹ ልጅ አልመጣም፤
የመጡትም ካርታቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመራስ አልዳነም።
በረዶ ጣለ። ትርሲት ሰዓት መዝጋቢውን በዣንጥላዋ ጋርዳ
ራሷ በሰበሰች።
አሥራ ዘጠኝ ጨረሱ። ቀድማ የገባችው ምንታምር
ጉልበቷ በጭቃ ተለስኖ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣
«ስምንተኛውን እንዴት አገኘሽው?» ብላት
«ሰውዬው ከሩቅ ይጣራ ነበር» አለች፤
«የስንሻው ስፌት በዚህ! የእማሆይ ግቢ በዚያ! ውኃ ልኩን ዝለሉት! እያለ።»

ደንቡ ግልጽ ነው፦ መንገድ የተነገረው ይሰረዛል።
ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ማታ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አሥራ ዘጠኙን ስም አየሁ።
ከሁሉም በላይ የራሴን ጻፍኩ፤
እሱን ሰረዝኩ።
ካልሲዬ ከምድጃው ጠርዝ ይንጠባጠባል፤ ዝናቡም አላባራ።
ትርሲት ደወለች። ዕቃ ቆጥራ ነበር፤ አንድ ጨርቅ ይጎድላል።
«ስምንተኛው» አለች፤ «ሰውዬው እንዳጠለቀው ነው።»